ዳታው ከሶኬቱ መቼ ይወጣል? ክላየንት ለሚጽፉ ዝርዝር መመሪያ

ሰርቨሩ ጥያቄውን ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመልሳል። ኔትወርኩም ፈጣን ነው። ክላየንታችሁ ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ 40 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይጠብቃል። ሲፒዩው አልተጨናነቀም። ሎጉ ላይም ምንም ስህተት የለም።

እንዲህ ድርቅ ያለ ቁጥር ስታዩ ኔትወርኩን ለመውቀስ አትቸኩሉ። የኔትወርክ መዘግየት ከፍ ዝቅ ይላል። ሁልጊዜ 40 ላይ ወይም 200 ላይ የሚቆም ቁጥር ካለ፣ የሆነ ቦታ ታይመር እየቆጠረ ነው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ አንድ ነው፦ ዳታው ተጽፏል፣ ግን አልተላከም።

ይህ መመሪያ ስለ ቲሲፒ ሶኬት (ፕሮግራም ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝበት በር) ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከሊኑክስ የተወሰዱ ናቸው። ሌሎች ሲስተሞች የሚለዩበት ቦታ ላይ እጠቁማለሁ።

ደረጃ 1፦ ዳታው የት የት እንደሚቆም እወቁ

ብዙ ሰው "ባፈር" (ዳታ ለጊዜው የሚቆይበት ሜሞሪ) ሲባል አንድ ነገር ብቻ ይመስለዋል። ቢያንስ ሁለት ነው፤ አንዳንዴ አራት።

የመጀመሪያው እናንተ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ነው። የጃቫው በፈርድ አውትፑት ስትሪም በነባሪው እስከ 8192 ባይት ይይዛል። የጎላንግ ቡፊዮ 4096 ባይት ይይዛል። ሲ ላይ ሶኬትን እንደ ፋይል ከፍታችሁ በፕሪንትኤፍ ቤተሰብ ከጻፋችሁ፣ እዚያም ሙሉ ባፈር አለ። ይህኛው ባፈር እስኪሞላ ወይም እናንተ ፍለሽ እስክታደርጉት (ያለውን እንዲያስወጣ እስክታዙት) ድረስ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ስለ ዳታው የሚያውቀው ነገር የለም።

ቀጥሎ ቲኤልኤስ (ምስጠራ) እና ኮምፕረሽን (መጨመቂያ) ካላችሁ እነሱም የራሳቸው ማቆያ አላቸው። የመጨረሻው የከርነሉ የመላኪያ ባፈር ነው። ሴንድ ወይም ራይት ጠርታችሁ "ተሳካ" የሚል መልስ ሲመጣ ትርጉሙ ዳታው ወደዚህ ባፈር ተገለበጠ ነው። ሌላኛው ጫፍ ደረሰ ማለት አይደለም። ከማሽኑ ወጣ ማለት እንኳ አይደለም።

ፍለሽ የሚለው ትእዛዝ ብዙ ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ፍለሽ ከፕሮግራማችሁ ባፈር ወደ ከርነሉ ያሻግራል፤ ከዚያ አያልፍም። ጃቫ ላይ የሶኬቱን ጥሬ አውትፑት ስትሪም ፍለሽ ብታደርጉት ምንም አይሠራም። የዶትኔት ኔትወርክ ስትሪምም እንደዚያው ነው፤ ፍለሽ የሚባል ሜተድ አለው፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። በተለመደው የሶኬት ኤፒአይ ውስጥ "በባፈሩ ያለውን አሁን ላክ" የሚል የራሱ ትእዛዝ የለም። መቆጣጠር የምትችሉት በተዘዋዋሪ ነው፤ እንዴት እንደምትጽፉ በመወሰንና አንዳንድ ኦፕሽኖችን በመቀየር።

ደረጃ 2፦ ከርነሉ ለምን እንደሚያዘገይ ተረዱ

በ1984 ፎርድ ኤሮስፔስ ይሠራ የነበረው ጆን ኔግል አርኤፍሲ 896 የተባለውን የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ጻፈ። ያስጨነቀው ችግር ጥቃቅን ፓኬቶች ነበሩ። አንድ ሰው ከሩቅ ማሽን ጋር ተገናኝቶ ኪቦርድ ሲመታ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ፓኬት ይወጣ ነበር። 1 ባይት ዳታ፣ 40 ባይት ሄደር። በወቅቱ የነበሩት ቀርፋፋ መስመሮች በዚህ ተጨናንቀው ነበር።

መፍትሔው አጭር ነው። የተላከና ማረጋገጫ (የተቀባዩ "ደረሰኝ" የሚል መልስ) ያልመጣለት ዳታ ካለ፣ ከአንድ ሙሉ ሴግመንት (በአንድ ፓኬት ከሚሄደው ትልቁ የዳታ መጠን) ያነሰ አዲስ ዳታ አትላክ። ማረጋገጫው ሲመጣ ወይም ሙሉ ሴግመንት ሲጠራቀም ላክ። መንገድ ላይ ያለ ዳታ ከሌለ ግን ትንሽም ቢሆን ወዲያው ላክ። በተለመደው ኢተርኔት ሙሉ ሴግመንት ማለት 1460 ባይት ነው፤ የቲሲፒ ታይምስታምፕ ሲበራ 1448።

ከዚህ በኋላ "ኔግል" የምለው ይህን ደንብ ነው። ብቻውን ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ በተቀባዩ በኩል ሌላ ቆጣቢ መኖሩ ነው። ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ፓኬት ባዶ ማረጋገጫ ከመላክ፣ "ምናልባት የምመልሰው ዳታ ይኖራል፤ አብሮ ይሄዳል" ብሎ ትንሽ ይጠብቃል። በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122 ይህ ጥበቃ ከግማሽ ሰከንድ እንዲያንስ፣ ሙሉ ሴግመንቶች በተከታታይ ሲመጡም ቢያንስ በየሁለቱ ማረጋገጫ እንዲላክ ይላል። ሊኑክስ ላይ ጥበቃው ከ40 ሚሊሰከንድ ይጀምራል። ዊንዶውስ ለረጅም ዓመታት 200 ሚሊሰከንድ ነበር። መግቢያው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የመጡት ከዚህ ነው።

አሁን ሁለቱን አገናኙ። ክላየንቱ መጀመሪያ 100 ባይት ሄደር ይጽፋል። መንገድ ላይ ያለ ዳታ ስለሌለ ወዲያው ይሄዳል። ከዚያ 300 ባይት ይዘት ይጽፋል። የሄደሩ ማረጋገጫ ስላልመጣ ይህኛው ይያዛል። ሰርቨሩ ሄደሩን አንብቧል፤ ይዘቱ ስላልደረሰው ግን የሚመልሰው ነገር የለም። ስለዚህ ማረጋገጫውንም ያቆየዋል። ክላየንቱ ማረጋገጫ ይጠብቃል፣ ሰርቨሩ ይዘት ይጠብቃል። በር ላይ ቆመው "አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም" እንደሚባባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። የሚገላግላቸው የተቀባዩ ታይመር ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ የሚከሰተው ጻፍ፣ ጻፍ፣ አንብብ በሚል ቅደም ተከተል ነው። ጻፍ፣ አንብብ፣ ጻፍ፣ አንብብ ከሆነ ችግር የለም። የእያንዳንዱ መልስ ፓኬት ማረጋገጫውን ይዞ ይመጣል።

ጆን ኔግል ራሱ ቆይቶ በይፋ እንደተናገረው፣ የከፋው ነገር ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ዘመን ሳይተያዩ መግባታቸው ነው። ጥፋቱን የሚያሸክመውም በቋሚ ታይመር ለሚዘገየው ማረጋገጫ ነው። እኔም እስማማለሁ። ግን የሰርቨሩን ከርነል እናንተ አትነኩትም። የምትነኩት የራሳችሁን ክላየንት ነው።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ሊኑክስ አዲስ ኮኔክሽን ላይ የመጀመሪያዎቹን ማረጋገጫዎች ሳያዘገይ ይልካል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ልካችሁ ከሞከራችሁ ሁሉም ነገር ፈጣን ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ኮኔክሽኑ ትንሽ ካገለገለ በኋላ ነው።

ደረጃ 3፦ ከመንካታችሁ በፊት ለኩ

ሦስት መሣሪያ ይበቃል፦ ኤስትሬስ፣ ቲሲፒደምፕ ወይም ዋየርሻርክ፣ እና ኤስኤስ የሚባለው ትእዛዝ።

በኤስትሬስ ክላየንታችሁ ራይትና ሴንድ የሚጠራባቸውን ጊዜያት ከነሰዓታቸው አውጡ። በቲሲፒደምፕ ደግሞ ፓኬቶቹ የወጡበትን ሰዓት ያዙ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። መልሱ እዚያው ነው።

ራይት ራሱ ካልተጠራ ዳታው ገና ፕሮግራማችሁ ውስጥ ነው። ፍለሽ ተረስቷል። ራይት ተጠርቶ ፓኬቱ ካልወጣ ከርነሉ ይዞታል፤ ምክንያቱ ኔግል ሊሆን ይችላል፣ የተቀባዩ መስኮት (ሊቀበል የሚችለው መጠን) ሞልቶም ሊሆን ይችላል፣ የኮንጀስሽን (የኔትወርክ መጨናነቅ) መቆጣጠሪያው ገድቦትም ሊሆን ይችላል። ፓኬቱ ወዲያው ወጥቶ መልሱ ከዘገየ ደግሞ ሶኬቱን ተዉት፤ ችግሩ ወዲያ ማዶ ነው።

በኤስኤስ ውጤት ላይ ሴንድ ኪው የሚለው ዓምድ ማረጋገጫ ያላገኘውን ባይት በሙሉ ያሳያል፤ የተላከውንም ያልተላከውንም። ዝርዝር መረጃ ስትጠይቁ ኖትሰንት የሚል ቁጥር ከመጣ ገና ያልወጣው እሱ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ። የመጀመሪያው፣ ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ማሽን ላይ በሎካልሆስት አትለኩ። የሊኑክስ ሉፕባክ ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) 65536 ባይት ስለሆነ ሙሉ ሴግመንት የሚባለው በጣም ትልቅ ይሆናል፤ የምታዩት ባህሪ እውነተኛውን ኔትወርክ አይመስልም። ሁለት ማሽን ተጠቀሙ፣ ወይም ቢያንስ ኔትኤም በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ ሰው ሠራሽ መዘግየት ጨምሩ። ሁለተኛው፣ ቲሲፒደምፕ ከ1500 ባይት የሚበልጥ ፓኬት ቢያሳያችሁ አትደናገጡ። ከርነሉ ትልቁን ለኔትወርክ ካርዱ ሰጥቶት ነው፤ የሚቆራርጠው ካርዱ ነው።

ደረጃ 4፦ መልእክቱን ሰብስባችሁ አንዴ ጻፉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ደረጃ ውሰዱ። መልእክቱ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው ከርነሉ ሳይሆን የእናንተ ኮድ ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ለታይመር አትተዉለት።

ቀላሉ መንገድ ሄደሩንም ይዘቱንም አንድ ባፈር ውስጥ ማከማቸትና በአንድ ራይት መላክ ነው። የቋንቋችሁን በፈርድ ራይተር ተጠቀሙ፤ የፈለጋችሁትን ያህል ጥቃቅን ጽሑፍ ጻፉበት፤ መልእክቱ ሲያልቅ ፍለሽ አድርጉ። ከባፈሩ መጠን የሚበልጥ መልእክት ካላችሁ ባፈሩን አሳድጉት። አለበለዚያ መሃል ላይ ሞልቶ ራሱ ይጽፋል፤ ሙሉ ሴግመንቶችን ኔግል አይዛቸውም፣ የመጨረሻውን ጎዶሎ ቁራጭ ግን ሊይዘው ይችላል።

ይዘቱ ትልቅ ሆኖ መገልበጡ ከከበዳችሁ ራይትቪ ወይም ሴንድኤምኤስጂ አለ። ሜሞሪ ውስጥ የተበታተኑ ቁርጥራጮችን ዘርዝራችሁ ትሰጡታላችሁ፤ በአንድ ሲስተም ኮል (ወደ ከርነሉ በሚደረግ ጥሪ) አብረው ይገባሉ። ሊኑክስ ላይ በአንድ ጥሪ እስከ 1024 ቁርጥራጭ ይቀበላል። ይህም ሆነ ተራው ራይት ከጠየቃችሁት ያነሰ ሊጽፍ ይችላል። የተመለሰውን ቁጥር እያያችሁ ቀሪውን በሉፕ ጨርሱ። ይህን የሚዘል ኮድ ኔትወርኩ ፈጣን እስከሆነ ድረስ ይሠራል፤ የተጨናነቀ ቀን ላይ ግን መልእክት ቆርጦ ይልካል።

ቀጥሎ ፍለሽ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ መልስ ለመጠበቅ ከማንበባችሁ በፊት ሁልጊዜ ፍለሽ አድርጉ። ጥያቄው እናንተው ባፈር ውስጥ ተቀምጦ መልሱን ብትጠብቁ ታይመርም አያድናችሁም። እዚያው ትቀራላችሁ። ኔግል ቢያንስ ከ40 ሚሊሰከንድ በኋላ ይለቃል፤ የራሳችሁ ባፈር ግን አይለቅም።

ብዙ መልእክት ከብዙ ትሬድ የሚልክ ክላየንት ካላችሁ ነገሩ ይወሳሰባል። ለእያንዳንዱ መልእክት ፍለሽ ማድረግ ሲስተም ኮል ያበዛል። አለማድረግ ያዘገያል። እዚህ ላይ የምወደው አሠራር አለ። መልእክቶች ወደ አንድ ወረፋ ይግቡ። አንድ ጸሐፊ ትሬድ ከወረፋው እያወጣ ወደ ባፈሩ ይጻፍ። ወረፋው ባዶ ሲሆን ፍለሽ ያድርግና ወደ መጠበቅ ይመለስ። ሥራ ሲቀንስ እያንዳንዱ መልእክት ወዲያው ይሄዳል፤ ሥራ ሲበዛ ብዙ መልእክቶች በራሳቸው አንድ ላይ ይታሸጋሉ። ታይመር የለም፣ በግምት የሚቀመጥ ቁጥርም የለም። "በየ5 ሚሊሰከንዱ ፍለሽ አድርግ" የሚል ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ቲኤልኤስ ላይ አንድ ጊዜ መጻፍ የበለጠ ዋጋ አለው። አብዛኞቹ ላይብረሪዎች ለእያንዳንዱ ራይት የራሱን ሬከርድ (ለብቻው የሚመሰጠር ጥቅል) ይሠራሉ። በተለመደው የቲኤልኤስ 1.3 ምስጠራ አንድ ሬከርድ 22 ባይት ገደማ ይጨምራል፤ የማመስጠር ሥራውም ለየብቻ ነው። አንድ ሬከርድ እስከ 16384 ባይት ዳታ ይይዛል፤ ቦታው ሰፊ ነው። ኮምፕረሽን ካለ ደግሞ መጨመቂያውን በሲንክ ፍለሽ ማስወጣት አለባችሁ። እሱ ከተረሳ የውጭውን ባፈር መቶ ጊዜ ፍለሽ ብታደርጉ የሚወጣ ነገር የለም። ቅደም ተከተሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፦ መጀመሪያ መጨመቂያው፣ ከዚያ ቲኤልኤሱ፣ ከዚያ ሶኬቱ።

ደረጃ 5፦ ኔግልን አጥፉ

ደረጃ 4ን ከጨረሳችሁ በኋላ ቲሲፒ ኖዲሌይ የሚባለውን ኦፕሽን አብሩ። ሶኬቱ እንደተፈጠረ ወይም እንደተገናኘ በሴትሶክኦፕት 1 አድርጉት። ከዚህ በኋላ የጻፋችሁት ሁሉ፣ መስኮቶቹ እስከፈቀዱ ድረስ፣ ማረጋገጫ ሳይጠብቅ ይወጣል።

ምናልባት ሳታውቁት በርቶ ይሆናል። ጎላንግ ለቲሲፒ ኮኔክሽኖች በነባሪው ያበራዋል። የፓይተን አሲንክአይኦ ከ3.6 ጀምሮ ያበራዋል። ከርል ከ7.50.2 ጀምሮ በነባሪው በርቷል። የኖድ ጄኤስ ኤችቲቲፒ ከ18 ጀምሮ እንደዚሁ። በፓይተን ወይም በሲ ጥሬ ሶኬት የምትጽፉ ከሆነ ግን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ጃቫ ላይ ሴትቲሲፒኖዲሌይ የሚለውን ሜተድ "ትሩ" የሚል ዋጋ ሰጥታችሁ ጥሩት። በግምት አትሂዱ፤ በጌትሶክኦፕት አንብባችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 4ን ዘላችሁ እዚህ ከመጣችሁ ግን ችግሩን ሸፈናችሁት እንጂ አልፈታችሁትም። 10 ጥቃቅን ራይት ካላችሁ አሁን 10 ጥቃቅን ፓኬት ትልካላችሁ። እያንዳንዱ በአይፒቪ4 ቢያንስ 40፣ በአይፒቪ6 ቢያንስ 60 ባይት ሄደር ይጭናል። መዘግየቱ ይጠፋል፣ ብክነቱ ይመጣል። "ኖዲሌይ አብራና ተገላገል" የሚለው ምክር ግማሽ ምክር ነው።

ሊኑክስ ላይ ይህ ኦፕሽን አንድ የጎን ጥቅም አለው። ባበራችሁት ቅጽበት ተይዞ የነበረው ዳታ ወዲያው እንዲወጣ ያስገድዳል። የሌላ ሰው ላይብረሪ ብዙ ራይት እያደረገ ኮዱን መቀየር ካልቻላችሁ፣ ኔግልን ትታችሁ መልእክቱ ሲያልቅ ኖዲሌይን ማብራትና መልሶ ማጥፋት ይቻላል። የሚያምር ነገር አይደለም። ግን ይሠራል።

ደረጃ 6፦ ሊኑክስ ላይ ቡሽ መክደን

አንዳንዴ መልእክቱን በአንድ ራይት መላክ አይቻልም። ሄደሩ ሜሞሪ ውስጥ፣ ይዘቱ ፋይል ውስጥ ሆኖ በሴንድፋይል ሲላክ ለምሳሌ። ለዚህ ቲሲፒ ኮርክ (ቡሽ) የሚባል ኦፕሽን አለ። ስታበሩት ከርነሉ ሙሉ ያልሆነ ሴግመንት አይልክም። ሁሉንም ጽፋችሁ ስትጨርሱ ታጠፉታላችሁ፤ የቀረው ይወጣል። ማጥፋቱን ብትረሱ ከ200 ሚሊሰከንድ በኋላ ራሱ ይለቃል። ስለዚህ ከኮርክ ጋር ስትሠሩ የ200 መዘግየት ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

ለአንድ ጥሪ ብቻ ከፈለጋችሁ ኤምኤስጂ ሞር የሚባል ምልክት ሴንድ ላይ ማድረግ ይቻላል። "ተከታይ አለው፣ ጠብቅ" ማለት ነው። የመጨረሻው ሴንድ ላይ ምልክቱን አታድርጉ።

እነዚህ የሊኑክስ ናቸው። ፍሪቢኤስዲና ማክኦኤስ ኖፑሽ የሚል ተቀራራቢ ኦፕሽን አላቸው። ክላየንታችሁ በየዓይነቱ ሲስተም ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን ደረጃ 4 ላይ ቆዩ፤ እሱ በየትኛውም ቦታ ይሠራል።

ክዊክአክ የሚባል ኦፕሽንም ሲነሳ ትሰማላችሁ። እሱ የሚሠራው በተቀባይ በኩል ነው፤ ቋሚም አይደለም፤ ከርነሉ በራሱ ጊዜ መልሶ ያጠፋዋል። ለክላየንት ጽሑፍ ብዙም አልመክረውም።

ደረጃ 7፦ ከልክ በላይ እንዳይጠራቀም

እስካሁን ችግሩ ዳታው አልወጣም የሚል ነበር። ተቃራኒውም አለ። ክላየንታችሁ የስክሪን ምስል ወይም የጨዋታ እንቅስቃሴ ይልካል እንበል። ኔትወርኩ ሲቀዘቅዝ የከርነሉ ባፈር ደስ ብሎት መቀበሉን ይቀጥላል። ሊኑክስ ባፈሩን እንደ ሁኔታው እያሳደገ እስከ ሜጋባይቶች ሊያደርሰው ይችላል። ከርነሉ ውስጥ የገባ ዳታ ደግሞ አይመለስም። አዲሱ ምስል አሮጌዎቹ ሁሉ እስኪያልፉ ወረፋ ይይዛል።

ብዙዎች እዚህ ጋ ኤስኦ ሴንድባፍን (የመላኪያ ባፈሩን መጠን የሚወስነውን ኦፕሽን) ያሳንሳሉ። አትቸኩሉ። እሱን ስትነኩ ሊኑክስ የራሱን አውቶማቲክ ማስተካከያ ለዚያ ሶኬት ያቆማል፤ ረጅም ርቀት ባለው መስመር ላይ ፍጥነታችሁ ይወድቃል።

የተሻለው ቲሲፒ ኖትሰንት ሎዋት የሚባለው ኦፕሽን ነው። ሊኑክስ ላይ ከ3.12 ጀምሮ አለ፤ የአፕል ሲስተሞችም አላቸው። የሚገድበው ገና ያልተላከውን ዳታ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ያለውን አይነካም፤ ስለዚህ ፍጥነት አይጎዳም። ለምሳሌ 16384 ብትሉት፣ ኢፖል (የሶኬቶችን ዝግጁነት የሚነግረው የሊኑክስ ጥሪ) "ሶኬቱ ለመጻፍ ዝግጁ ነው" የሚላችሁ ያልተላከው ከዚያ ሲያንስ ብቻ ነው።

ይህ እንዲሠራ ሶኬቱ ኖንብሎኪንግ (ቦታ ሲያጣ ፕሮግራሙን የማያስቆም) መሆን አለበት፤ ኮዳችሁም ዝግጁነቱን ጠብቆ መጻፍ አለበት። ወረፋውን እናንተ ጋ አቆዩት። ያኔ ያረጀውን ምስል ጥላችሁ አዲሱን መተካት፣ አስቸኳዩን ወደ ፊት ማምጣት ትችላላችሁ። የሚላከውን በመጨረሻው ሰዓት መምረጥ የምትችሉት ዳታው እጃችሁ ላይ እስካለ ድረስ ነው።

ደረጃ 8፦ ስትዘጉ ዳታ እንዳይጠፋ

መዝጋትም የመላክ አካል ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን ባፈር ፍለሽ አድርጉ። ከዚያ በሹትዳውን የመጻፊያውን ጎን ብቻ ዝጉ። ከርነሉ የያዘውን ሁሉ ልኮ "ጨርሻለሁ" የሚለውን ምልክት ያስከትላል። ከዚያ ሌላኛው ጎን እስኪዘጋ ማንበባችሁን ቀጥሉ። በመጨረሻ ክሎዝ።

ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ? ያልተነበበ ዳታ በመቀበያ ባፈሩ ውስጥ እያለ ክሎዝ ብትጠሩ ሊኑክስ ሪሴት (ኮኔክሽኑን በድንገት የሚቆርጥ ምልክት) ይልካል። ያ ሪሴት እናንተ የላካችሁትን የመጨረሻ መልእክት ሌላው ጎን ሳያነበው ሊያጠፋበት ይችላል። ሊንገርን (ክሎዝ ሲጠራ ምን ያህል እንደሚጠበቅ የሚወስነውን ኦፕሽን) በዜሮ ሰከንድ ማብራትም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ ያልተላከው ይጣላል። ማንበቡ ማለቂያ እንዳያጣ የጊዜ ገደብ አድርጉበት፤ ሌላው ጎን ጨርሶ ላይዘጋ ይችላል።

ይህን ሁሉ በትክክል ብታደርጉም የቲሲፒ ማረጋገጫ የሚነግራችሁ ዳታው የሌላኛው ማሽን ከርነል ጋ መድረሱን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አንብቦት ከሆነ፣ ወይም ከማንበቡ በፊት ወድቆ ከሆነ፣ ከሶኬቱ አታውቁም። መጥፋት የሌለበት መልእክት ካላችሁ መለያ ቁጥር ስጡት፤ ሰርቨሩ በፕሮቶኮላችሁ ውስጥ "ተቀብያለሁ" ብሎ እስኪመልስ ድረስ ቅጂውን ያዙ። ኮኔክሽኑ ተቋርጦ እንደገና ሲገናኝ መልስ ያላገኙትን በዚያው ቁጥር መልሳችሁ ላኩ፤ ሰርቨሩም የተደገመውን በቁጥሩ ለይቶ ይተወው።